«ኃይለኛ ውሻ አለ»፦ ለግቢ ውሻ ባለቤቶች የተጻፈ መመሪያ

በአዲስ አበባ ብዙ የግቢ በሮች ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። አንዳንዱ በቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ አንዳንዱ በሩ ላይ በኖራ ተሞነጫጭሯል። ከበሩ ጀርባ ያለው ውሻ ግን ሁልጊዜ እንደ ጽሑፉ አይደለም። አንዱ አርጅቶ ዐይኑ ፈዟል፤ ሌላው ገና ቡችላ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በእርግጥም ኃይለኛ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በሁለት ሜትር ሰንሰለት ታስሮ ስለሚውል። ጽሑፉ ስለ ውሻው ብዙም አይናገርም። የሚናገረው ባለቤቱ ከውሻው ምን እንደሚጠብቅ ነው።

የውሻ ኑሮ የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሰውና የእንስሳትን ግንኙነት ሲያጠኑ የኖሩት ጄምስ ሰርፔል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው ለእንስሳት ያለው አመለካከት በሁለት ነገሮች እንደሚለካ አስረድተዋል። አንዱ ስሜት ነው፤ መውደድ፣ ማዘን፣ መፍራት፣ መጸየፍ። ሌላው ጥቅም ነው፤ እንስሳው ምን ይሠራልኛል፣ ምንስ ያስወጣኛል የሚለው ስሌት። ጥቅም ብቻ የሚታየው ባለቤት ውሻውን ያስርና ይረሳዋል። ፍቅር ብቻ የሚታየው ደግሞ እያጎረሰ ያወፍረዋል። ሁለቱም ውሻቸውን በደንብ የያዙ ይመስላቸዋል፤ ችግሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ስለዚህ መመሪያው ከውሻው በፊት በባለቤቱ ይጀምራል።

1. ውሻው ለምን እንደመጣ በግልጽ ይናገሩ

ወረቀት ይያዙና ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ። ውሻው ወደ ቤትዎ ለምን መጣ? ዛሬ ምን ይሠራል? ቢያረጅና መጮኹን ቢያቆም ምን ይጠብቀዋል? እውነቱን የሚያወጣው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። «ሌባ ስላስቸገረን» ብሎ ውሻ ያመጣ ሰው፣ ያረጀውን ውሻ በልቡ «ያለ ሥራ የሚበላ» ይለዋል፤ በአፉ ባይናገረውም ሳህኑ ይናገርበታል። «ልጆቹ ስለወደዱት» ብሎ ያመጣውም ልጆቹ ትምህርት ሲበዛባቸው ውሻውን የሚንከባከብ ሰው ያጣል።

ለጥበቃ ብሎ ውሻ ማሳደግ ነውር የለበትም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባልም ከጩኸቱ በፊት መብላቱ እንደሚቀድም ልብ ይሏል።

ቀጥሎ ጥያቄውን ለቤቱ ሰው ሁሉ ያቅርቡ። በብዙ ግቢዎች ውሻውን የገዛው አንድ ሰው፣ የሚያበላው ሌላ፣ የሚያስረውና የሚፈታው ሦስተኛ ሰው ነው። አባወራው «በቀን ሁለት ጊዜ ይበላል» ይላል፤ የቤት ሠራተኛዋ «ትራፊ ካለ ነው» ትላለች፤ ዘበኛው ደግሞ ውሻውን ስለሚፈራው ሳህኑን በእንጨት እየገፋ ያቀርብለታል። የውሻው ትክክለኛ ኑሮ በሚያበላው ሰው አመለካከት እንጂ በገዛው ሰው አመለካከት አይመራም። ስለዚህ ማን ምን እንደሚሠራ ሁሉም ባለበት ይወስኑ፤ ለሠራተኛዋም ሆነ ለዘበኛው ከውሻው ጋር የሚተዋወቁበት ጊዜ ይስጧቸው።

«ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም» የሚለው ልማድ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የጠበቀ ነው። ውሻ ደጅ በማደሩ ብቻ አይጎዳም፤ የሰው አልጋም አያስፈልገውም። የሚጎዳው «አይገባም» ማለት «አይነካም፣ አይታይም» ማለት ሲሆን ነው።

2. ዐይንዎን አይመኑ፣ በእጅዎ ይመርምሩት

ባለቤት በየቀኑ የሚያየውን ነገር እንደ ጤና ይቆጥራል። በእንግሊዝ የሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን በግልጽ አሳይተዋል። እንደ ፑግና ቡልዶግ ባሉት አፍንጫቸው በተጨፈለቀ ውሾች ላይ በብዛት የሚታየው የመተንፈስ ችግር ምልክት ያለባቸውን ውሾች ባለቤቶች ሲጠይቁ፣ 58 በመቶዎቹ ውሻቸው የመተንፈስ ችግር እንደሌለበት ተናገሩ። ማንኮራፋቱንና ማለክለኩን «ዝርያው እንዲህ ነው» ብለው ተቀብለውታል። በእኛም አገር «የሐበሻ ውሻ ቀጭን ነው» እና «የሐበሻ ውሻ አይታመምም» የሚሉት አባባሎች ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ለጀርመን ሼፐርዱ ሐኪም ይጠራል፤ አጠገቡ የታሰረው የሐበሻ ውሻ ግን ራሱ ይድናል ተብሎ ይተዋል።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውሻውን ከራሱ እስከ ጅራቱ ይዳብሱት። ጎድኑ ላይ እጅዎን ሲያሳርፉ አጥንቱ ሳይጫኑ ሊሰማዎት ይገባል። የእጅዎን ጀርባ ሲዳብሱ አጥንቱ የሚሰማዎትን ያህል ከሆነ ደህና ነው። ቡጢ ሲጨብጡ እንደሚወጣው መገጣጠሚያ ከሾለ ከስቷል፤ ጭራሽ ካልተገኘ ወፍሯል። ከዚያ በአንገት ማሰሪያው ሥር ያለውን ቆዳ ይመልከቱ። በቡችላነቱ የታሰረለት ማሰሪያ አብሮት ስለማያድግ ሥጋው ውስጥ እየገባ የሚያቆስላቸው ውሾች ጥቂት አይደሉም፤ ሁለት ጣት በቀላሉ ካላስገባ ዛሬውኑ ይለውጡት። የጆሮውን ጫፍ ዝንብ በልቶት ይሆናል። በጆሮው ውስጥ፣ በጣቶቹ መካከልና በብብቱ መዥገር ይፈልጉ።

ማወፈር ፍቅር ነው ብሎ የሚያምን ባለቤት አንድ ጥናት ቢያውቅ ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው ይህ ጥናት 48 ላብራዶር ውሾችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትሏል። ግማሾቹ ከጥንድ ጓደኞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ብዙ ከበሉት መካከል ግማሽ ያህሉ በሕይወት የዘለቁት እስከ 11.2 ዓመት ሲሆን፣ በልክ ለበሉት ይህ ዕድሜ 13 ዓመት ሆኗል።

3. ሰንሰለቱን ያሳጥሩት፤ ርዝመቱን ሳይሆን ሰዓቱን

«ቀን ካልታሰረ ሌሊት አይጠብቅም» የሚለው እምነት በየሰፈሩ አለ። በኮሎራዶ ግዛት ዴንቨር ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱ ውሾች ጋር ሲያነጻጽር፣ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት መታሰር ከነከሱት ጋር ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ተያይዞ ተገኝቷል። ድሮውንም ተናካሽ የሆነ ውሻ ይበልጥ ይታሰራል የሚል ሊኖር ይችላል፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ ስለማይችል የሚቀረው ምርጫ መናከስ ብቻ መሆኑን ማንም የውሻ ባለቤት ያየዋል። ደግሞም ለጥበቃ የሚፈለገው እንግዳንና ቤተኛን የሚለይ ውሻ ነው። ከምሰሶ ጋር ብቻውን የዋለ ውሻ ይህን የሚማርበት ዕድል የለውም፤ ሌባውንም የጎረቤቱን ልጅም እኩል ይጮኽባቸዋል።

ግቢው የጋራ ከሆነ ወይም በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ስለሚውል ውሻውን መፍታት ካልተቻለ መፍትሔው ቀላል ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠንካራ ሽቦ ይወጥሩ፤ ሰንሰለቱን በቀለበት ያያይዙበት። ውሻው በሽቦው ርዝመት ይመላለሳል። ከዚህ የሚሻለው ግን የግቢውን አንድ ጥግ በሽቦ አጥር ከልሎ በውስጡ መልቀቅ ነው። በየትኛውም መንገድ ጥላ፣ የማይደፋ የውኃ ዕቃ፣ እንዲሁም ከተኛበት ርቆ የሚጸዳዳበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። የውሻ ቤቱን ከመሬት በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ ያድርጉት፤ በክረምት ጎርፉ ከሥሩ ይለፍ። የቆርቆሮ ቤት በቀትር ይግላል፣ በሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡን በእንጨት ይለብጡት፤ ገለባ ወይም ጆንያም ያንጥፉለት።

በቀን ግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ቢጨመር ጥሩ ነው። በሰፈሩ ውሻ እየጎተቱ መሄድ ያሳፍራል የሚል ሰው ቢያንስ ማለዳ በሩ ሲዘጋ ግቢው ውስጥ ይፍታውና አብሮት ይዙር።

4. ሳህኑ ውስጥ ያለውን ይዩ

እዚህ ላይ ረዘም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አብዛኛው የግቢ ውሻ የሚኖረው በትራፊ ነው፤ ትራፊው ደግሞ የቤቱን አጽዋማት ይከተላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከወጥ ቤት ሥጋም ወተትም አይወጣም። ውሻውም ሳይጠየቅ ይጾማል፤ ሽሮ የነካው እንጀራ፣ የምስር ትርፍ፣ አንዳንዴም ደረቅ እንጀራ ብቻ። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር ስታርች መፍጨት ተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ውሾች ስታርች የሚፈጨውን ጂን ከተኩላ በብዙ ቅጂ እንደያዙ አሳይቷል። ስለዚህ እንጀራ አይጎዳውም። እንጀራ ብቻውን ግን ለሁለት ወር አይበቃውም፤ በተለይ ቡችላ ለሆነና ለምታጠባ ውሻ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከሉካንዳ ቤት የሚጣለውን ቁርጥራጭ ወይም ጨጓራ በጾሙም ወራት በርካሽ ማግኘት ይቻላል። ጾመኛው ቤት ድስቱ እንዲነካ ካልፈለገ ለውሻው የተለየ ድስት ይመድብ፤ ደጅ ላይ በከሰል ይቀቀል። ተቀቅሎ ከሩዝ ወይም ከእንጀራ ጋር ቢደባለቅ ጥሩ ምግብ ነው። የተቀቀለ እንቁላልም ይሆናል።

ሽንኩርት ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነገር ነው፤ ሐበሻ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይታሰብም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ መቁላላቱም መርዙን አያጠፋውም፣ ነጭ ሽንኩርትም ከዚሁ ወገን ነው። በእንስሳት ሕክምና መጻሕፍት ጉዳት ያመጣል ተብሎ የሚጠቀሰው መጠን በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ነው፤ ለ10 ኪሎ ውሻ ይህ ከ150 እስከ 300 ግራም ይሆናል። የበዓል ዶሮ ወጥ ቁሌት በአንድ ጊዜ ከተገለበጠለት እዚህ መጠን መድረስ አያስቸግርም። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ፣ ከደከመ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ሹል ሆኖ አንጀት ይወጋል፤ ስለዚህ የዶሮው አጥንት ለውሻው ሳይሆን ለቆሻሻ ገንዳው ነው።

ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፤ ቅርጫው ይገባል፣ በጉ ይታረዳል። የበሬው ወይም የበጉ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ሲታይ «ይሄማ ለውሻው» ተብሎ ይወረወራል። ደግነት ይመስላል። በዚያ እብጠት ውስጥ ያለው ግን የአንድ ትንሽ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና አፈሩን፣ ጎመኑን፣ የልጆችን እጅ ይነካል። ሰው ሲውጠው በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ እብጠት ያወጣል፤ ብዙ ጊዜም ያለ ቀዶ ሕክምና አይለቅም። ስለዚህ እብጠት ያለበትን ክፍል በጥልቅ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ሌላውንም ሆድ ዕቃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አፍልተው ይስጡ፤ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒትም የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው ጊዜ ያስውጡት።

5. «ጥፋቱን ያውቃል» የሚለውን ይተዉ

ውሻው ጫማ አኝኮ ጥጉ ላይ ተሸጉጧል፤ ጆሮው ወድቋል፤ ዐይኑን ይሰብራል። «ያውቀዋል፣ አየኸው!» ይባላል፤ ዱላው ይከተላል። በኒው ዮርክ የባርናርድ ኮሌጅ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ይህን በ14 ውሾች ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳተሙ። ባለቤቱ ውሻውን «አትብላ» ብሎ ከክፍሉ ይወጣል። ሲመለስ አንዳንዴ እውነቱ፣ አንዳንዴም ሐሰት ይነገረዋል። «የጥፋተኝነት» መልክ የታየው ውሻው በበላ ጊዜ ሳይሆን ባለቤቱ በተቆጣ ጊዜ ነበር። እንዲያውም ምንም ሳይበሉ በስሕተት ቁጣ የደረሰባቸው ውሾች ይበልጥ «ጥፋተኛ» መስለው ታይተዋል።

ይህ ለኢትዮጵያ ውሻ ባለቤት እንግዳ ሊሆን አይገባም። መንገድ ላይ ሰው ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ሲል፣ ድንጋይ ባይኖርም እንኳ፣ ውሻ ይሸሻል። ውሻ የሰውን ሰውነት አሳምሮ ያነብባል። የሚያነበው ግን የሚመጣበትን አደጋ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ስለታኘከው ጫማ አያስብም።

መምታት ደግሞ ቁጡ ያደርገዋል። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የ140 ውሾችን ባለቤቶች ጠይቋል። ውሻቸውን መምታት ወይም መርገጥ ከሞከሩት መካከል 43 በመቶው ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። ዐይን ለዐይን አፍጥጦ ማየት እንኳ ከሞከሩት 30 በመቶው ላይ ይህንኑ አምጥቷል። በፖርቱጋል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 92 ውሾችን ከየማሠልጠኛቸው ተከታትሎ፣ በቅጣት የሚሠለጥኑት ከሥልጠና በኋላ የጭንቀት ሆርሞናቸው ይበልጥ ከፍ እንደሚል አግኝቷል።

በተግባር እንዲህ ይጀምሩ። ጥቂት የሥጋ ወይም የዳቦ ፍርፋሪ በኪስዎ ይያዙ። «ና» ይበሉ፤ ሲመጣ ወዲያው፣ ሳይዘገዩ ይስጡት። በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይበልጡ። ቃሉ አንድ ይሁን፤ አንዱ «ና»፣ ሌላው «ካም» እያለ ውሻው አይወናበድ። «ና» ብለው ጠርተው ፈጽሞ አይምቱት፤ አንዴ ከተመታ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም። የሚያኝከውን ነገር በተመለከተ ጫማውን ማንሳት ውሻውን ከመገሠጽ ይቀላል፤ በምትኩ ትልቅ ጥሬ የበሬ አጥንት ወይም አሮጌ ገመድ ይስጡት።

6. ቡችላ ሲያመጡ

ቡችላን ከእናቱ ከስምንት ሳምንት በፊት አይለዩ። ስኮትና ፉለር የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ሥራ ውሻ ሰውንና ዓለምን የሚለምድበት ወሳኝ ጊዜ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ እስከ ሦስት ወር ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። «ኃይለኛ እንዲሆን» ብሎ በዚህ ዕድሜ ጨለማ ክፍል መዝጋት የሚያተርፈው ፈሪ ውሻ ነው፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ መጀመሪያ የሚነክሰው ቤተኛውን ነው።

7. ክትባቱና ወሊዱ

«ውሻዬ ከግቢ ስለማይወጣ ክትባት አያስፈልገውም» የሚለው አመለካከት ሰው ይገድላል። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚገመት ሰው ይጨርሳል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው በውሻ የሚመጣ ነው። በር ሲከፈት ሾልኮ የወጣ ወይም የጎዳና ውሻ በአጥር ሥር ገብቶ የነከሰው ውሻ በቂ ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ያስከትቡት፤ በየዓመቱም ያድሱለት፤ ካርዱን ያስቀምጡ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ የጎዳና ውሾችን በመርዝ መግደል ግን በሽታውን አላጠፋም።

ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት ጤና ተቋም ይሂዱ። በአዲስ አበባ ብዙ ሰው እስካሁን «ፓስተር» የሚለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዚህ ሥራ ይታወቃል። ጸበሉም ሆነ የባሕል መድኃኒቱ ክትባቱን አይተካም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የነከሰውን ውሻ በንዴት አይግደሉት፤ አስረው ለ10 ቀን ይከታተሉት፤ የሐኪሙ ውሳኔ በዚያ ላይ ይመሠረታል።

ሴት ውሻ በአማካይ በየስድስትና ሰባት ወሩ ለመራባት ትደርሳለች፤ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው። ሴቶቹ ቡችላዎች በጆንያ ተጠቅልለው ወንዝ ዳር የሚጣሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ማኮላሸትን «ግፍ ነው» የሚል ባለቤት ይህን ከዚያ ጋር ያመዛዝን። የተኮላሸ ወንድ ውሻ መዞርና ለሴት መጣላት ይቀንሳል፤ ግቢውን መጠበቁን ግን በዚህ ምክንያት አይተውም።

8. ሲለቁ

ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የሚዛወር ቤተሰብ ውሻውን «ለሰፈሩ» ትቶ ይሄዳል። ሰፈር ግን ውሻ አያሳድግም፤ ውሻው በለመደው በር ሥር ተኝቶ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይራባል፣ ከዚያ ይመታል። መዛወርዎን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ተቀባይ ይፈልጉ። ሲያገኙ ግቢውን ሄደው ይዩ፤ ጥላው የት ነው፣ የሚያበላው ማን ነው ብለው ይጠይቁ። ውሻው በጣም አርጅቶ ወይም ታሞ የሚሠቃይ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ ያለ ሕመም እንዲያርፍ ማድረግ ጎዳና ላይ ከመተው ይሻላል። ካስረከቡት ደግሞ የክትባት ካርዱን፣ የተኛበትን ጆንያ፣ የለመደውን ምግብና የሚጠራበትን ስም አብረው ይስጡ፤ መጀመሪያው ሳምንት ላይም ስልክ ይደውሉና መብላት መጀመሩን ያረጋግጡ።